የእንግዳ መቀበያዋ ሞንስቴራ

በሞዴል 22 ፈርሜ ያልተረከብኩት፣ ነገር ግን ከተረከብኩት ንብረት ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ነገር ቢኖር፣ ደብረ ብርሃን በነበረው መሥሪያ ቤታችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል የቆመችው፣ ሞንስቴራ የምትባለው ሰፋፊ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀ ተክል ናት። ሥሯ ከመትከያዋ ቀዳዳ ወጥቶ ወለሉን ሲዳስስ ባየሁ ጊዜ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ማንንም ሳላማክር ወደ ትልቅ መትከያ አዛወርኳት።

አሮጌው አፈር ይልቀቅ ብዬ ሥሩን በቧንቧ ውኃ አጠብኩት፤ ውኃ የሚስቡት ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮችም በዚያው ተበጣጥሰው ቀሩ። አዲሱ መትከያ ከቀድሞው በእጥፍ ይሰፋ ነበር፤ የሞላሁትም ከግቢው የተቆፈረ ዋልካ ሲሆን፣ ዋልካ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ሥርን አየር ይነሳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቿ ተዝለፈለፉ። ጠምቷት ነው ብዬ አጠጣኋት፤ በማግሥቱ ስትብስ ደገምኩ። እኔ ብቻ ብሆን ደግ ነበር፤ ለካስ የጽዳት ባልደረባችን ጠዋት፣ ጥበቃው ማታ፣ ባለጉዳዩም ወረፋ ሲጠብቅ ከኮዳው የተረፈውን፣ ሁሉም እያዘነላት ያፈስላት ኖሯል።

በሳምንቱ የግቢው አትክልተኛ ገብተው ጣታቸውን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ሰደዱና አውጥተው አሸተቱት።

«አይ ልጄ፣ እሷ መች ጠማት፤ ሰጠመች እንጂ!» አሉኝ።

ሥሯ የተጎዳ ተክል ውኃ መሳብ ስለሚሳነው፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለም ቅጠሉ እንደተጠማ ይጠወልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ደጋግሞ ሲያጠጣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እንደገና መንቀል ሌላ ጉዳት መሆኑን ሳይሸሽጉኝ፣ ከዚያ ዋልካ ውስጥ ከመተው ግን ይሻላል ብለው ነቀሏት። ቡናማ ሆኖ ሲጨብጡት የሚሟሽሸውን ሥር በንጹሕ ምላጭ ቆርጠው ነጩንና ጠንካራውን ተዉ፤ ከዚያም አፈር፣ አሸዋና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው በቀድሞው ጠባብ መትከያ መለሷት። ከሒሳብ ክፍል አንዱ «ዩሪያ ጣል ቢያደርጉባትስ?» ቢላቸው፣ የቆሰለ ሥር በማዳበሪያ ይቃጠላል ብለው ከለከሉ።

ቦታዋም አልበጃት ኖሯል። የትውልድ አገሯ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ የሚዘልቀው ሞቃትና ርጥብ ደን ነው፤ እኛ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዚያ የኅዳር ውርጭ፣ ሌሊቱን ከመስኮቱ መስታወት ጋር አጣብቀን እናሳድራት ነበር። ብርሃን ወደሚያገኛት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ ወደማይመታት ጥግ ወሰድናት፤ ርጥበት እንዳይለያትም በስስ ላስቲክ ሸፍነን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ እናናፍሳት ጀመር። ማታ ማታ ጥበቃው የራሳቸውን የመንዝ ባና መትከያዋ ላይ ይጠመጥሙላታል፤ እሳቸው ራሳቸው በምን እንደሚያድሩ አልጠየቅኳቸውም።

ውኃ የማጠጣቱ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲሰጥ አደረግሁ፤ ያም ሰው የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያህል ካልደረቀ እንዳያጠጣ ተስማማን። ሁለት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ረገፉ፤ ግንዱ ግን አልለሰለሰም። ጥር አጋማሽ ላይ እንደ ጧፍ የተጠቀለለ አረንጓዴ ነገር ከአንጓዋ ብቅ አለ፤ ሲፈታም እንደ ቀድሞዎቹ ያልተሰነጣጠቀ፣ መዳፍ የማይሞላ ድፍን ቅጠል ሆነ። የጽዳት ባልደረባችን አይታው እልል ካለች በኋላ፣ እጇን ወደ ውኃው ጆግ ስትሰድ ደረስኩባት።