ፒንግ ይሄዳል፣ ገጽ አይከፈትም

የኔትወርክ ድራይቨር (የኔትወርክ ካርድን የሚያሠራ ኮድ) ማንበብ ከጀመርኩ ወራት ሆነኝ። ያለፉትን ሦስት እሁዶች የበላብኝን ችግር ላካፍላችሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመርካቶ በገዛኋት አሮጌ ቦርድ ራውተር ሠርቼ የእኔንና የጎረቤቴን ቤት አገናኘሁ። የእኔ መስመር ተራ ነው፤ የእሳቸው በቪላን ይሄዳል፤ ማለትም እያንዳንዱ ፓኬት የየትኛው ኔትወርክ እንደሆነ የሚናገር ታግ ይለጠፍበታል። አድራሻውን በእጅ ሞላሁላቸው። ፒንግ ("አለህ ወይ?" የሚል የሙከራ መልእክት) ይመለሳል፤ ገጽ ግን አይከፈትም። "ልጄ፣ ዛሬም እምቢ አለኝ እኮ" ይሉኛል።

የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን የዲኤንኤስ ጥያቄ የምትመልሰው ቦርዷ ራሷ ናት። እሷ ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ስከፍት የመልሶቿ ቼክሰም (ፓኬቱ አለመበላሸቱ የሚጣራበት ቁጥር) ሁሉ ስህተት ነው ይላል። አገኘሁት ብዬ ዘለልኩ። ግን በደህናው መስመርም ያንኑ ይላል! አንድ ሙሉ እሁድ እዚህ ሄደ። ለካስ ኦፍሎድ (ስሌቱን ለኔትወርክ ካርዱ ማሸከም) ሲበራ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ቼክሰሙን ለካርዱ ይተወዋል፤ ቲሲፒደምፕ የሚያየው ካርዱ ሳይሞላው በፊት ነው። እባካችሁ፣ ላኪው ማሽን ላይ ያያችሁትን የቼክሰም ስህተት አትመኑ። ተቀባዩ ጋ ሄዳችሁ እዩ።

ላፕቶፔን በጎረቤቴ ኮምፒውተር ቦታ ሰካሁት። መልሱ ይመጣል፤ የመድረሻ ፖርቱ (መልሱ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) ግን በየፓኬቱ ሌላ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ መልሱ የጠየቀው ፕሮግራም ጋ አይደርስም። ባይቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የዲኤንኤስ መልስ በሚጓዝበት በዩዲፒ ሄደር (የፓኬቱ መግቢያ ክፍል) ቼክሰም የሚቀመጠው 6 ባይት ታልፎ ነው፤ መድረሻ ፖርት ደግሞ 2 ባይት ታልፎ። ልዩነቱ 4 ባይት፣ ልክ የቪላን ታግ ርዝመት! ካርዱ ታጉን ሳይቆጥር ቼክሰሙን ፖርቱ ላይ እየጻፈበት ነው። ፒንግ የተረፈው የሚጠቀምበትን የአይሲኤምፒ ፕሮቶኮል ቼክሰም ከርነሉ ራሱ ስለሚያሰላ ነው። ከውጭ የሚያልፈው ትራፊክም ቼክሰሙን ይዞ ስለሚመጣ አይነካም። የሚበላሸው ቦርዷ ራሷ የምትልከው ብቻ ነው።

በኢትቱል (የካርዱን ቅንብር በሚቀይር ትእዛዝ) የመላኪያውን ኦፍሎድ ሳጠፋው ወዲያው ሠራ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እኔ ግን ይህ ለሁሉም መስመር ስለሚያጠፋው ደህናው ለምን ይቀጣ ብዬ መልሼ አበራሁትና የድራይቨሩን ኮድ ከፈትኩ። የቼክሰም ችሎታውን ለቪላንም የሚያውጅ አንድ መስመር አለ። እሱን አወጣሁት። አሁን ለቪላን ፓኬት ከርነሉ ራሱ ያሰላል፤ ለሌላው ካርዱ። የተስተካከለውን ድራይቨር ስገነባ መብራት ሁለቴ ሄዶብኛል፤ ያም ሆኖ ማታ ላይ ጎረቤቴ በር አንኳኩተው "ተከፈተ!" አሉኝ።

የመቀበያውን በኩል ገና አልፈተሽኩትም። የሚቀጥለው እሁድ ለእሱ ነው።