ሜፕል በማይፈስበት ወቅት የምንሠራው

እዚህ አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ ከሜፕል ዛፍ ጣፋጩ ውሃ የሚፈሰው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ሌሊቱ በረዶ፣ ቀኑ ለብ ያለ መሆን አለበት። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ስላወራን ዛሬ ስለ ቀሪው ዓመት ልጻፍላችሁ። ዘንድሮ ይበልጥ የገባኝ ነገር ቢኖር ስኳሩ የሚሠራው በሰመር መሆኑ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ የሠራውን ስኳር ዛፉ ስታርች አድርጎ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ብርዱ ሲገባ መልሶ ስኳር ይሆናል። እኛ ማርች ላይ የምንቀዳው ያንን ነው።

ከዛፉ የሚወርደው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ስኳር አለው። ባለሙያዎቹ 86ን በስኳሩ መቶኛ ያካፍላሉ። 2 በመቶ ከሆነ፣ አንድ ጋሎን ሲረፕ (ውሃው ፈልቶ ሲወፍር የሚገኘው ጣፋጭ) ለማግኘት 43 ጋሎን ውሃ ማፍላት ግድ ነው። ስኳሩ 2.5 ቢደርስ ግን ወደ 34 ጋሎን ይወርዳል። የሚተርፈውን ማገዶና እንቅልፍ አስቡት!

ለዚህ ነው የዘንድሮ ጉልበታችን በብዛት ደኑን ማሳሳት ላይ የዋለው። ቅርንጫፉ በደንብ የተዘረጋ፣ ቅጠሉ የበዛ ሜፕል ውሃውም ይበዛል፣ ስኳሩም ከፍ ይላል። ተጨናንቆ ያደገው ግን ወደ ላይ ብቻ ይመዘዛል። ከካውንቲው የደን ባለሙያ ጋር እየዞርን የሚቆረጡትን በቀለም ምልክት አደረግንባቸው። ብዙዎቹ ቢች የሚባሉ፣ የታመሙ ዛፎች ናቸው። ቢች ሲታመም ከሥሩ ብዙ ቀንበጥ ያወጣና የሜፕሉን ችግኝ ፀሐይ ይነሳዋል። ቆረጣውን በጸደይ አልነካነውም፤ ያኔ ቅርፊቱ የላላ ስለሆነ የሚወድቀው ግንድ ጎረቤቱን በቀላሉ ይልጠዋል። ሁሉንም በአንድ ዓመት መጨረስም አይመከርም። ድንገት የተጋለጠ ዛፍ ነፋስ ይጥለዋል።

አንዳንድ ሰው ሜፕል ያልሆነውን ሁሉ ማጽዳት ይወዳል። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። ደኑ ሜፕል ብቻ ከሆነ ቅጠል በል አባጨጓሬ ሲነሳ የሚያቆመው የለም። የተለያየ ዛፍ ሲኖር ወፉም ይበዛል፣ አባጨጓሬውን የሚለቅመው ደግሞ ወፍ ነው። የወፎች ጥበቃ ድርጅቱ ኦዱቦን ቨርሞንትም ከሲረፕ አምራቾች ጋር የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ቅጠሉ በሰመር ክፉኛ የተበላ ዛፍ ካላችሁ በሚቀጥለው ማርች አሳርፉት።

ውሃውን ከዛፎቹ የሚያወርዱትን ቱቦዎች ወቅቱ እንዳበቃ በንጹሕ ውሃ አጥበን አንጠፈጠፍናቸው። በረኪና የሚጠቀሙ አሉ፤ ጨዋማ ቅሪቱ ግን ሽኮኮ ይጠራል፣ ሽኮኮ ደግሞ ቱቦ ያኝካል። ዛፉ ላይ የሚሰኩትን መሰኪያዎች ነቅለናል፣ ለመቅዳት የበሳነው ቀዳዳ እንዲገጥም። ከላይ ቢገጥምም ውስጡ ያለው እንጨት ከቀዳዳው በላይና በታች ሞቶ ይቀራል፣ ዳግመኛም ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ የሚቀጥለው ቀዳዳ ወደ ጎን ራቅ ማለት አለበት። የድሮዎቹን ቦታ በቀለም ነጥብ እያደረግን ነው። መሰኪያዎቹን በየዓመቱ አዲስ ብታደርጉ ያዋጣል፤ አሮጌው የሚይዘው ባክቴሪያ ቀዳዳውን ቶሎ ይደፍነዋል።

ማገዶው ቢያንስ አንድ ዓመት መድረቅ አለበት። ለመጪው ማርች የሚነደው አምና የተፈለጠው ነው፤ አሁን የምንፈልጠው ከዚያ ቀጥሎ ላለው ማርች ነው። ከላይ ክዳን፣ ጎኑ ክፍት።

አሁን የቀረን በረዶው ሳይከብድ መስመሩን ተከትለን የረገበውን ቱቦ መወጠር ነው፤ ውሃው ሳይቋጥር በራሱ ቁልቁል እንዲወርድ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከታች ረግረጉ አጠገብ ቀይ ሜፕሎች አሉን። ከስኳር ሜፕሉ ቀድመው ስለሚያቆጠቁጡ የሲረፑ ጣዕም ቶሎ ይበላሻል። እናንተ ለብቻቸው መስመር ዘርግታችሁላቸው በጊዜ ታቆማላችሁ ወይስ ጭራሽ አትቀዷቸውም?