መስኮቶቹ ብቻ ለምን ቀለጡ?

ርክክቡ ሊደረግ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ አዳማ ባለ አንድ የሕንፃ ሞዴል ሥራ ቤት ውስጥ፣ አልቆ የተቀመጠ የባቡር ጣቢያ ላይ የመጨረሻው ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ከስፕሬይ ጣሳ ተረጨበት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አሥራ አራቱም መስኮቶች ዙሪያቸውን ተበልተው አይጥ የቀመሰው ዳቦ መሰሉ። ቀሪው ግድግዳ ግን ምንም አልሆነም። ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል፣ የብሎኬቱ መስመር ጥርት እንዳለ ነው፣ በሮቹም ደህና ናቸው።

የጣቢያው ግድግዳ የተሠራው ከፎም ነው፤ ስፕሬይ ደግሞ ፎምን እንደሚበላ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ፎም ከመቶ 95 እጅ በላይ አየር ነው፤ የቀረው ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ስስ ግድግዳ ስፕሬይ ውስጥ በሚገኙት ማቅጠኛዎች፣ በአሴቶንና በቶሉይን ይሟሟል። ጠብታ የምታህል ፈሳሽ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ የምትከፍተው ለዚህ ነው። የጫማ ሰፊ ማስቲሽም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ ቤት ፎም የሚጣበቀው በነጩ የእንጨት ኮላ ነው። ይህ ሁሉ ስለሚታወቅ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ኮላ ተቀብቶ ታሽጎ ነበር። በቁራጭ ፎም ላይም ተሞክሯል፤ ቁራጩ ስፕሬይ ተረጭቶበት አንድ ሰዓት ተቀምጦ ምንም አልሆነም። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከማስመሪያ ላይ ነው።

ሥራው ለአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው፤ የትኛውንም ሕንፃ ቁርጥ አድርጎ የማይገለብጥ፣ ግን የድሮ ባቡር ጣቢያ መልክ ያለው ሞዴል። ደንበኛው ባቡሩንና ሐዲዱን ከውጭ አስመጥቶ ሰጥቷል፤ ኤችኦ የሚባለው መጠን ነው፣ 1 ለ 87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ)፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ። (እውነቱን ለመናገር የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር በዚህ መጠን ሐዲዱ 11.5 ሚሊ ይሆን ነበር፤ 16.5ቱ የሚስማማው 1435 ሚሊ ስፋት ላለው ለአዲሱ መስመር ነው። ደንበኛው የድሮ ጣቢያ ከአዲስ ሐዲድ ጋር አጋባ፤ ከፋዩ እሱ ነውና ማንም አልተናገረም።) ሥራ ቤቱ ግን ዘመኑን ሙሉ የሠራው የሪል እስቴት ሞዴል ነው፣ በ1 ለ 100። ጠረጴዛው ላይ ያለው ባለ ሦስት ጎን ማስመሪያ 1 ለ 100 አለው፣ 1 ለ 75 አለው፣ 1 ለ 87 የለውም።

የግድግዳዎቹ ልክ በካልኩሌተር ወጣ። 18 ሜትር ለ87 ሲካፈል 207 ሚሊ፣ 4 ሜትር ቁመት 46 ሚሊ። በሮቹም እንዲሁ፤ 2.1 ሜትር 24 ሚሊ ሆነ። መስኮቶቹ ላይ ሲደረስ እጅ ወደ ለመደው ማስመሪያ ሄደ። 1.20 በ1.50 ሜትር የሆነው መስኮት 13.8 በ17.2 ሚሊ መሆን ሲገባው 12 በ15 ተቆረጠ። ሁለት ሚሊ ልዩነት ባዶ ግድግዳ ላይ ለዓይን አይታይም፤ መስኮቱ ትንሽ ቆጠብ ያለ ይመስላል እንጂ የተሳሳተ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ጥሩ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ፎሙ ኤክስፒኤስ የሚባለው ሰማያዊው፣ ጠንካራው ዓይነት ነው፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎም እንክብል እንክብል ስለሆነ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ መስመርም አይቀረጽበትም። ካተሩ አዲስ ምላጭ ይዞ፣ ጋደም ተደርጎ፣ በሦስት ጉዞ ነው የሚቆርጠው፦ አንዴ ቧጨር፣ አንዴ እስከ ግማሽ፣ አንዴ እስከ ታች። በአንድ ጊዜ የገፋው ሰው ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ብሎኬቱ የተቀረጸው ቀለሙ ባለቀ እስክሪቢቶ ነው። 40 በ20 ሴንቲ የሆነው ብሎኬት በዚህ መጠን 4.6 በ2.3 ሚሊ ይሆናል። የእስክሪቢቶው ጫፍ ግማሽ ሚሊ ያህል መስመር ይተዋል፤ ያ በእውኑ ዓለም ከ4 ሴንቲ በላይ የሞርታር መጋጠሚያ ማለት ነው። ወፍራም ነው፣ ዓይን ግን ይቀበለዋል። በደነዘዘ እርሳስ ከተሠመረ 1 ሚሊ ይሆናል፣ 9 ሴንቲ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳው የብሎኬት ሳይሆን የቦይ ሥራ ይመስላል። መስመሩ ካለቀ በኋላ የተጨማደደ አሉሚኒየም ፎይል ድቡልቡል ተደርጎ ቀስ እያለ ይንከባለልበታል፤ የፎሙ ልስላሴ የሚጠፋው በዚያ ነው።

ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ። ብዙ ሰው የካርቶን ሆድ ውስጥ ያለውን ሞገድ ይለጥፋል፤ የዚያ ሞገድ ርቀት 7 ሚሊ ቢሆን እንኳ በ87 ሲባዛ 60 ሴንቲ ነው፣ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የትም የለም። የ5 ሚሊ ቡሎን ግን ጥርስ ከጥርስ 0.8 ሚሊ ይራራቃል፤ 7 ሴንቲ ማለት ነው፣ ከእውነተኛው ቆርቆሮ ብዙም አይርቅም። ፎይሉ ለስላሳ ጎማ ላይ ተዘርግቶ ረጅሙ ቡሎን ተጭኖ ይንከባለልበታል። የቡሎን ጥርስ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሩ ሦስት ዲግሪ ያህል ዘመም ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ፎይሉ የሚቆረጠው በራሱ ጠርዝ ሳይሆን የታተመውን መስመር ተከትሎ ነው። 10 በ23 ሚሊ እየሆነ ተቆርጦ፣ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይለጠፋል።

ማሸጊያው ኮላና ውሃ እኩል ለእኩል ነው፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ወፈር ተደርጎ፣ በየመሐሉ ሦስት ሰዓት። ሁለቱም ፊት ይቀባል። አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ ኮላው ሲደርቅ እየተኮማተረ ይጎትተዋል፤ 5 ሚሊ ፎም በማግስቱ ቀስት ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ መደቡ በፕላስቲክ ቀለም ተቀባ፤ ከዚያ ቡናማ ቀለም አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ በብሎኬቱ መስመር ውስጥ እንዲሮጥ ተለቀቀ። ሳሙናው ከሌለ ውሃው እየተንኳለለ ይቆማል፣ መስመሩ ውስጥ አይገባም።

የመስኮት ፍሬሞቹ ሌላ እጅ ላይ ነበሩ፤ ከግማሽ ሚሊ ካርቶን፣ በትክክለኛው 1 ለ 87። የመጡት ግድግዳው ታሽጎና ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ፍሬሞቹ አልገባ አሉኝ።»

«በምን ያህል?»

«ሁለት ሚሊ ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ፣ በካተር ላጥ ላጥ አድርግና አስገባው።»

ላጥ ላጥ ተደረገ። አሥራ አራት መስኮት፣ በእያንዳንዱ አራት ጎን፣ አዲስ የተገለጠ፣ ኮላ ያልነካው ሰማያዊ ፎም። ፍሬሙ ገባና ሸፈነው። በፍሬሙና በፎሙ መሐል የቀረችው ፀጉር የምታህል ክፍተት ደግሞ ቫርኒሹን እንደ ክር መጠጠችው። ግድግዳው ፊት ላይ ያረፈው ስፕሬይ ወዲያው ተነነ፤ ክፍተቱ ውስጥ የገባው መውጫ አጥቶ እዚያው እየበላ ቆየ።

ነፋሱም አስተዋጽኦ አለው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት፤ ደጅ የተረጨ ስፕሬይ ግማሹ ለጎረቤት ነው፣ አቧራውም እርጥቡ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መርጨቱ ኮሪደር ውስጥ ሆነ፣ ቦታው ጠበበ፣ ጣሳው ከ25–30 ሴንቲ ይልቅ አሥር ሴንቲ ላይ ተያዘ። ከዚያ ርቀት የሚወርደው ጭጋግ አይደለም፤ የሚፈስ ነው።

ሙከራውስ? ያ ቁራጭ ፎም አራቱም ጠርዙ ተቀብቶ ነበር፤ ከታሸገ በኋላ ካተር አልነካውም። የሞከረው ሰው አልዋሸም፣ የሞከረው ግን ሌላ ግድግዳ ነበር።

ሌሊቱ ለጥገና ዋለ። ዘጠኙ መስኮቶች የተበሉት ከ1.5 ሚሊ ያነሰ ስለነበር 2.5 ሚሊ ስፋት ያለው የካርቶን ክፈፍ ዙሪያቸውን ተለጠፈ። በእውኑ 22 ሴንቲ ይሆናል፤ የልስን ክፈፍ ይመስላል፣ እንዲያውም ሕንፃውን አሳመረው። አምስቱ ጥልቅ ነበሩ። ከአምስቱ ሦስቱ የኋላ ግድግዳ ላይ ስለሆኑና ሞዴሉ ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቀመጥ በውሃ በሚቀጥን ስቱኮ ተሞልተው ተቀቡ፤ ጨዋ ባለሙያ የማይታየውን እንደ አዲስ አይሠራም። (በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የሚቀጥነውን ስቱኮ ግን ፎም አጠገብ አያቅርቡ፤ የቫርኒሹን ታሪክ ቀስ ብሎ ይደግመዋል።) የቀሩት ሁለቱ የፊት ለፊት ናቸው። በየጎኑ አራት አራት ሚሊ ተጨምሮ አራት ማዕዘን ተቆርጠው ወጡ፣ በልካቸው ፎም ገባ፣ ብሎኬቱ ከጎረቤቱ መስመር ጋር ተያይዞ እንደገና ተቀረጸ፣ ፍሬሙ ሳይገባ ሁለት ጊዜ ታሸገ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ቀለሙ ነው፤ አዲሱ ቁራጭ ቡናማውን ውሃ አብልጦ ስለሚጠጣ በአሥር እጅ ፈንታ በሃያ እጅ ውሃ መቅጠን ነበረበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የነበረው ርክክብ 8 ሰዓት ላይ ሆነ።

አሁን ባለ ሦስት ጎኑ ማስመሪያ አንዱ ፊት ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በየ11.5 ሚሊው አንድ ጭረት፣ አንድ ሜትር። የመስኮት ፍሬም ከግድግዳው ቀድሞ ይሠራል፣ ቀዳዳው የሚሠመረው ራሱ ፍሬሙ ፎሙ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ገብቶ ካልታየ ኮላ አይከፈትም። የሙከራው ቁራጭም ከታሸገ በኋላ መሐሉ በካተር ይበሳል። የመጨረሻው ቫርኒሽ በውሃ የሚቀጥነው ሆኗል፣ በብሩሽ። ከጣሳው የተረፈው የሥራ ቤቱ የብረት በር ላይ ተረጭቶ አለቀ።