የሼክ ዑስማን ልጆችና የእኛ ቅዳሜ

ቅዳሜ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ

ባሕር የለንም እንላለን እንጂ እኛ ሰፈር ባሕሩ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡት ከባድ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓሩ ያድራሉ። በዚያው መስመር ደግሞ የስንቱ ልጅ እናት ወጥታለች። አንዷ በቦሌ፣ ቪዛ ይዛ። ሌላዋ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ፕሮጀክት ውስጥ አገለግላለሁ። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው፦ የተቸገሩ ቤተሰቦች ልጆች ይመዘገባሉ፣ ውጭ አገር ያለ ስፖንሰር በየወሩ ይከፍላል፣ ልጁ ደብተር፣ ሕክምና፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትና ሻይ በዳቦ ያገኛል። ሻይ በዳቦውን አትናቁት። ባዶ ሆዱን የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። አልፎ አልፎ የደብዳቤ ቀን አለ። ልጆቹ ለስፖንሰሮቻቸው ይጽፋሉ፣ እኛ እንረዳቸዋለን።

ዛሬ የደብዳቤ ቀን ነበር። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቅጹ ላይ «ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» የሚል ቦታ አለ። ልጁ የእስክሪብቶውን ክዳን ሲያኝክ ቆየና እንዲህ ጻፈ፦ «እናቴ ደህና ናት። ዶሮ አለን። አመሰግናለሁ።» ዶሮ የላቸውም። ዶሮ ያላቸው ጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከእሷ ነው የገለበጠው። እናቱ አረብ አገር ናት። የሚያያት በኢሞ ነው፣ እሱም የአያቱ ስልክ ካርድ ሲኖረው።

ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ እናቴ በጀልባ ነው የሄደችው ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ልጽፍ ነበር። ግን ቦታው አይበቃም።»

እውነቱን ነው። ለቤተሰብ የተተወው ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጡት የሼክ ዑስማን ልጆች ናቸው። ሼክ ዑስማን ሰው አይደለም፣ የቦታ ስም ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው የምጽዋዋን ታሪክ ያውቃል። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ምጽዋ ደረሱ። አጠገቧ ምንኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እዚያ ተማሩ፣ በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእነሱ ልፋት ነው። ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ነግረውናል። ከባሕሩ ማዶ ስላለው ግን የነገረን የለም።

በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጀልባዎች ያዘች። ውስጣቸው ወደ ዓረቢያ ለሽያጭ የሚሻገሩ ሰዎች ታጭቀዋል። 204 ሕፃናት ነፃ ወጡ፣ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች። የመን ውስጥ ወዳለችው የወደብ ከተማ፣ ወደ ኤደን ተወሰዱ። ግን ነፃ ከወጡ በኋላ ወዴት? አገራቸው እንዳይመለሱ መንገዱ ያው የሸጣቸው ነጋዴ መንገድ ነው። በመጨረሻ ብዙዎቹን የተቀበለው ከኤደን ወጣ ብሎ ሼክ ዑስማን ላይ የነበረው የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ነው። ሚሲዮኑን የጀመረው አዮን ኪት ፎልከነር የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ የካምብሪጅ የአረብኛ ምሁር ነበር። ብስክሌት ጋላቢም ነበር፣ ያውም ሻምፒዮን። በ1887 እዚያው በወባ ሞተ። ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ልጆቹ ሲመጡ እሱ አልነበረም።

የኤደን አካባቢ ሙቀት ለደጋ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሞቱ። አንድ ሁለት አይደለም፣ ብዙ ልጅ ሞተ። ስለዚህ በ1890 የተረፉትን 64 ልጆች በመርከብ ጭነው ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ላኳቸው።

እዚህ ላይ ሁሌ እናደዳለሁ። ከባርነት ያወጣኸውን ልጅ ከአገሩ ይበልጥ አርቀህ ትወስደዋለህ? በሌላ በኩል ደግሞ እዚያው ሼክ ዑስማን ቢተዋቸው በሽታው ይጨርሳቸው ነበር። ሁለቱንም አውቃለሁ፣ ንዴቴ ግን አይበርድም። በ1903 ላቭዴሎች ልጆቹን፣ ያኔ እንኳ ጎልማሶች ሆነዋል፣ አገራችሁ መመለስ ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠይቀዋል። 17ቱ በ1909 ተመለሱ። ከቀሩት ብዙዎቹ ወይ እዚያው ቀሩ ወይ ሞተዋል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከመሄዳቸው በፊት ሚሲዮናውያኑ አስተርጓሚ ይዘው እያንዳንዳቸውን ቁጭ አድርገው ጠየቁ። ስምህ ማን ነው? አባትህ ማን ነው? ምን ያህል መሬት ነበራችሁ? ስንት ከብት? ማን ወሰደህ? ስንት ጊዜ ተሸጥክ? በምን ዋጋ? መለሱ፣ ተጻፈ። ስለዚህ ዛሬ ቢሾ ጃርሳ የምትባል ልጅ ወላጆቿን በድርቅ እንዳጣች፣ በጥቂት በቆሎም እንደተሸጠች እናውቃለን። ቢሾ በኋላ መምህርት ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ታግሎ ከ1964 እስከ 1974 ሮበን ደሴት ታስሯል። በዚያ ዘመን ከተሸጡት ሺዎች የስንቱ ልጅ አባት ስንት በሬ እንደነበረው ማን ያውቃል? የእነዚህን እናውቃለን፣ የጠየቃቸው ሰው ስለነበረ።

ሚሲዮናውያኑን መላእክት እያደረግኳቸው አይደለም። ለለጋሾቻቸው የሚላክ ወሬም ያስፈልጋቸው ነበር፣ ይሄ ነገር ያኔም ያው ነው። ግን ለወሬ ብቻ ቢሆን «ምስኪን ልጅ፣ ነፃ አወጣነው፣ አመስጋኝ ነው» ብለው መላክ ይችሉ ነበር። የከብቱን ቁጥር ማን ጠይቋቸው?

የእኛ ቅጽ «የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?» ይላል።

ከሰዓት ይህንን ለአስተባባሪያችን አነሳሁላት። ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ሥራ በዝቶባታል። «እህቴ፣ ጊዜ የት አለ?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ትክክለኛ ነገር ተናገረች፦ ልጆቹን ለመጠበቅ ሲባል ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። አድራሻ፣ የስደት መንገድ፣ ማን ደላላ እንደነበር። ሄዶ ሄዶ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ተከራከርኩ። ወደ ውጭ አይላክ፣ እዚሁ በልጁ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲያድግ ይውሰደው አልኩ። በልጁ አነጋገር፣ ያላሳመርነው። ትንሽ ካሰበች በኋላ «በሚያሳድጓቸው ሰዎች ፈቃድ ከሆነ፣ በትልልቆቹ እንሞክር» አለች። የኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው፣ «ትልልቅ» ውስጥ ይገባል አይገባም ገና አልተስማማንም። ይገባል እላለሁ።

ቆይቶ ወደ አያቱ ደወልኩ። ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው፣ ስልክ ላይ እንኳ ሥራ አይፈቱም። ከኋላ የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ ይሰማል።

«እማማ፣ ስለ እናቱ አካሄድ ይጻፍ ወይ? ለእሱ የሚቀመጥ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም» አልኳቸው።

«ይጻፍ እንጂ ልጄ! ምን ያሳፍራል? ሰርቃ አልሄደች። እኔም እመጣለሁ፣ እሱ የማያውቀው አለ። ሌሊት ነው የወጣችው፣ እሱ ተኝቶ ነበር። ቆሎ ቆልቼላት ነበር ለመንገድ። እሱንም ጻፉት።»

«እሺ እማማ።»

«ግን ያቺን ዶሮ ከፈረንጁ ደብዳቤ አውጡልኝ።»

ለካ ልጁ ነግሯቸዋል።

«ኋላ ‹ዶሮዋ እንዴት ናት?› ብሎ ቢጠይቅ ምን ልል ነው? የመኖ ብር የላከ እንደሆነስ?»