ስድስት ደብዳቤ ለአንድ አይሱዙ

በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ጭነት የምልከው እኔ ነበርኩ። ሥራው ብዙም አያስቸግርም። አይሱዙው ማታ ይጫናል፣ ጎህ ሲቀድ በሱሉልታ ይወጣል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ይወጣል፣ ሲመሽ ባሕር ዳር ይገባል። ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ዘጋ። አራቱም የእኛ መኪና የሚሄድበት መስመር ላይ ናቸው። ኦሮሚያም በበኩሉ የሕዝብ ትራንስፖርት አገደ። ጭነት ግን ያልፋል ተባለ። እኔም "ተባለ"ን አምኜ ኢንሱሊን ጫንኩ።

ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በበረዶ ሣጥን አሽገን፣ ከአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ ይዘን ላክን። ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው ትልቅ። ምን ይጎድለዋል?

ስምንት ሰዓት ላይ ሾፌራችን ከአንድ ኬላ ደወለ። "አንተ ልጅ፣ ወረቀትህን አልወደዱትም። የአዲስ አበባ ወረቀት ነው አሉ።"

ደብዳቤውን ለጻፈው ቢሮ ደወልኩ። "በቂ ነው፣ ሊያሳልፉት ይገባል" አሉኝ። መግባቱንስ ይገባል። ግን በቂ ነው የሚለው ሰው አዲስ አበባ ነው፣ የኬላውን ገመድ የያዘው ልጅ ሌላ ቦታ ነው። ለዚያ ልጅ የሚያዝዘው የዞኑ የኮሮና ግብረ ኃይል ነው። እሱ ከፌዴራል ጋር አልተጣላም፤ አለቃው ያላለውን ማድረግ አልፈለገም እንጂ። ይህ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ተሳድቤያለሁ።

ጭነቱን ያተረፈችው ኬላው ላይ ሙቀት የምትለካ ነርስ ነች። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሾፌራችን ፖሊሱን ትቶ እሷን ለመናት። "እህት ዓለም፣ የስኳር በሽተኞች መድኃኒት ነው" አላት። ለወረዳው ጤና ጣቢያ ደወለችና ሣጥኖቹ የክትባት ፍሪጅ ውስጥ አደሩ። በማግስቱ የዞኑ ፈቃድ ተገኘ። እኔ አምስት ሰዓት ስልክ ላይ ቆሜ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ጥሪ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ኬላ ላይ መጀመሪያ የጤና ሰው ፈልግ እላለሁ። መድኃኒት ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ነው።

ያን ሰሞን ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ አነበብኩ። (ከትምህርት ቤት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።) አንቀጽ 93 ላይ የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ከተከሰተ ክልሎችም በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ እንደሚችሉ ተጽፏል። ትግራይ መጋቢት 17 ያደረገው ይህንኑ ነበር። የፌዴራሉ አዋጅ የወጣው መጋቢት 30 ነው። እኔ ክልሎቹ አሻፈረኝ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀድመው ነው የተነሱት። በዚያ ላይ ምርመራው መጀመሪያ አዲስ አበባ ብቻ ነበር የሚሠራው። የራስህን ከተማ ውጤት ሌላ ቦታ ሆኖ ሲነግሩህ፣ እስኪነግሩህ በርህን ብትዘጋ አይገርምም። ጭነትን መገተራቸውን ግን አሁንም አልደግፍም። በር ሲዘጋ ማን እንደሚገባ አብሮ መወሰን ነበረበት፤ ያን ደግሞ አንድ ክልል ብቻውን ሊወስነው አይችልም፣ መኪናው ሁለት ክልል ያልፋላ።

ለሁለተኛው ጉዞ ከመጨረሻው ጀመርኩ። መጀመሪያ የተቀባዩ ሆስፒታል "መድኃኒቱን እንፈልጋለን" ብሎ ለክልሉ ጤና ቢሮ እንዲጽፍ አደረግሁ። ቢሮው መንገድ ላይ ላሉት ዞኖች ጻፈ፣ ግልባጩም ለፖሊስ ተላከ። ለኦሮሚያው ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ደብዳቤ አዘጋጀን። ኬላ ላይ የሚቆመው ልጅ አማርኛ ባይቸግረውም፣ በሥራ ቋንቋው የተጻፈውን ወረቀት ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ሁሉንም ፎቶ አንስቼ መኪናው ከመነሳቱ በፊት በቴሌግራም ለየግብረ ኃይሉ ላክሁ። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ጀርባ የሰው ስልክ ጻፍኩ። ቢሮ ስልክ አያነሳም፣ ሰው ግን ያነሳል። የፌዴራሉን ደብዳቤ አልጣልኩትም፣ ከታች አደረግሁት።

መኪናው በዚያው ቀን ገባ። መንገድ ላይ ስድስት ጊዜ ጎማውን በረኪና ረጩለት፣ ሾፌራችንን ደግሞ አንድ ምግብ ቤት አላስገባም አለው። "አዲስ አበቤ በሽታ ይዞ ይመጣል" ተብሎ። ለዚህኛው ደብዳቤ አልነበረኝም።

የፌዴራሉ አዋጅ ሲወጣ ከእንግዲህ በአንድ ወረቀት መሄድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሾፌራችን ግን የደብዳቤዎቹን ፋይል መኪናው ውስጥ እንደያዘ ነበር።

"አዋጅ ወጥቷል እኮ ጋሼ" አልኩት።

"ሰምቻለሁ" አለኝና ፋይሉን ከሊብሬው ጋር አጣጥፎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከተተው። በሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ቦታ ጠይቀውታል።