ሰደሪያዬን ያወለቅሁበት ቀን

የመንገድ ደህንነት ሕጎች ምን ያህል እንደሚከበሩ እየቆጠርሁ እንድመዘግብ በተላክሁበት የመጀመሪያ ቀን አንጸባራቂ ሰደሪያ ለብሼ፣ የፍጥነት መለኪያውን ይዤ ከመንገድ ዳር ቆምሁ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከዚያ ያለፈው አሽከርካሪ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከተማው ሕግ አክባሪ ነው ብዬ ለመጻፍ ምንም አልቀረኝም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታብኝ ሰደሪያውን አውልቄ ዛፍ ሥር ተጠለልሁ። 62፣ 71፣ 68። ለካስ ከሩቅ ሲያዩኝ ትራፊክ ፖሊስ እመስላቸው ኖሯል፤ ጠዋቱን ሙሉ የመዘገብሁት ሰደሪያዬ የሚያስፈራውን ያህል ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ምልክት ተተከለ፣ ስንት አሽከርካሪ ሠለጠነ፣ ስንቱ ተቀጣ የሚል ሪፖርት ሲያጋጥመኝ ቶሎ አላምንም። የቅጣት ብዛት ራሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ጥፋቱ በዝቶም፣ ቁጥጥሩ ጠብቆም ሊሆን ይችላል። በሞት ቁጥርም ቢሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ አሠራር በአደጋው ሳቢያ እስከ 30 ቀን ድረስ የሞተ ሁሉ ይቆጠራል። አስፋልቱ ላይ ሕይወቱ ያለፈውን ብቻ የሚቆጥር ከተማ፣ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ከሚጠይቀው የተሻለ መስሎ ይታያል።

የሞተር ሳይክል ነጂዎችን ስቆጥር ቅጹ ላይ «ሄልሜት አድርጓል፣ አላደረገም» የሚል ብቻ ነበር። እኔ «አገጩ ሥር አስሯል» የሚል ረድፍ በእርሳስ ጨመርሁ፤ ያልታሰረ ሄልሜት ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሊወድቅ ይችላልና። ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ የሚያልፈውን ግን የት እንደምመድበው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ክርኑስ ተጠብቋል።

ከሁሉ በላይ ያሰለቸኝ፣ ያስተማረኝም፣ አንድ የእግረኛ ማቋረጫ ነው። ስፋቱ 24 ሜትር፣ አረንጓዴው 20 ሰከንድ። መሐንዲሶች ሲያሰሉ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ይላሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ልክ ነው። አንዲት ባለ ምርኩዝ እናት አረንጓዴው እንደበራ፣ አንዲት ሰከንድ ሳያባክኑ ተነሡ። ቀዩ ሲበራ ገና 8 ሜትር ያህል ቀርቷቸው ነበር። የፊተኛው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ቅጹ ላይ «እግረኛው በቀይ መብራት ተሻግሯል» የሚለውን መሙላት ነበረብኝ፤ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ባዶውን ተውሁት።

እንዲህ ያለውን ስሕተት የእግረኛው ጥፋት ብሎ ማለፍ እንዳይቻል፣ የስዊድን ፓርላማ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰው እንደሚሳሳት ታስቦ መንገዱ ራሱ እንዲሠራ ወሰነ። በዚያው አቆጣጠር በ2019 በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ውስጥ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በትራፊክ አደጋ አልሞተም። ከተማው ፍጥነት ቀንሶ፣ ከመሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያዎችን አንሥቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ይናገራል። ያንን ቁጥር ካየሁ በኋላ 71 ያነበብሁባትን መኪና ማሰብ አልተውሁም።

ባለፈው ወር ወደዚያ ማቋረጫ ተመለስሁ፤ ያለ ሰደሪያ። አረንጓዴው አሁንም 20 ሰከንድ ነው። «ለእግረኛ ቅድሚያ ይስጡ» የሚል አዲስ ምልክት ግን ተተክሏል፤ በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ እንደሚቆጠር አልጠራጠርም።