ለመጋዘናችን የሲሙሌሽን ሶፍትዌር እንዴት እንደመረጥኩ

ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጡ ተሳቢዎች የኛ መጋዘን በር ላይ ተሰልፈው ሹፌሮቹ ሲማረሩ አለቃዬ ሁለተኛ ፎርክሊፍት እንግዛ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀኝ፣ በግምት መመለስ ስላልፈለኩ ሲሙሌሽን ልስራበት አልኩ፣ ማለትም የመጋዘኑን ስራ ኮምፒውተር ላይ አስመስዬ ልሞክረው።

መጀመሪያ ልቤን የወሰደው ስሪዲው ነበር፣ ፍሌክስሲም የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ፎርክሊፍቱ ሲመላለስ ማየት በጣም ደስ ይላል ግን ላይሰንሱ በዶላር ነው። ከዛ አሬና የሚባለውን ሶፍትዌር የተማሪ ቅጂ አወረድኩ፣ ለመማር አሪፍ ነው፣ ግን በአንዴ ከ150 ኢንቲቲ (ሞዴሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር) በላይ አይቀበልም፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ፓሌት ኢንቲቲ አድርጌው ስለነበር ወዲያው ቆመብኝ። ኤኒሎጂክ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ቅጂም ለመማሪያ እንጂ ለድርጅት ስራ አይፈቀድም። የቀሩት ሲምፓይ እና ጃምሲም ናቸው፣ ሁለቱም ነፃ ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት። ሲምፓይ የሚሰራው ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ነው፣ እሱን ትንሽ ስለምችል ሲምፓይን ያዝኩ፣ ኮድ ለማይነካ ሰው ግን ጃምሲምን ነው የምመክረው፣ በማውስ እየጎተታችሁ ነው የምትሰሩት።

ሶፍትዌር ሳማርጥ ሶስት ሳምንት ሄደ፣ ዋናው ስራ ግን ዳታው ነበር። ጥበቃው መኪና ሲደርስ በእጁ የሚመዘግበው በሐበሻ ሰዓት ነው፣ የሚዛኑ ኮምፒውተር ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ያትማል። 2፡30 የደረሰ መኪና 9፡00 ሲመዘን ስድስት ሰዓት ተኩል የጠበቀ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ግማሽ ሰዓት ነው! ይሄን ሳላይ የሰራሁትን ሞዴል በሙሉ ጣልኩት፣ ስለዚ እባካችሁ ምንም ሳታወርዱ መዝገቡን አንድ በአንድ እዩት።

ሞዴሉን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትመኑት፣ መጀመሪያ መልሱ በሂሳብ በሚታወቅ ቀላል ሰልፍ ፈትኑት። መኪና በዘፈቀደ እየመጣ፣ የማራገፊያ ጊዜውም እንደዛው እየተለያየ አንድ ፎርክሊፍት ብቻ ቢያራግፍ፣ ፎርክሊፍቱ ከጊዜው 50 በመቶውን በስራ ሲያዝ ግቢው ውስጥ በአማካይ 1 መኪና ይኖራል፣ 90 በመቶ ሲያዝ ግን 9 ይሆናል። ኮዴ መጀመሪያ እነዚህን ቁጥሮች እስኪያወጣ ድረስ ወደኛ ግቢ አልሄድኩም፣ ከዛም አንድ ሩጫ የእድል ጉዳይ ስለሆነ 30 ጊዜ እያስሮጥኩ አማካዩን ወሰድኩ።

የወጣው ነገር ፎርክሊፍቱ ከሰዓት በኋላ ስራ ፈቶ ነው የሚውለው፣ ሰልፉ የሚፈጠረው መኪኖቹ ሁሉ ጠዋት ስለሚመጡ ነው። ግዢው ቀረ፣ ለትራንስፖርተሮቹ የመድረሻ ሰዓት አከፋፈልናቸው። ጥበቃው ጋርም አዲስ መዝገብ አለ፣ መድረሻ፣ መግቢያ፣ መውጫ፣ ሁሉም በሐበሻ ሰዓት፣ የሚዛኑን እኔ ነኝ የምቀይረው።